ሁለት እምቢልታ በአንድ ትንፋሽ

እኛ ቤት ሰው ሲናደድ ይምላል። ሌላው ሰው ይሳደባል፣ ሳህን ይሰብራል፣ ወይም በሩን ድርግም አድርጎ ወጥቶ ጠላ ቤት ይሄዳል። የእኛ ቤት ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይቆምና ታቦት ጠርቶ ይምላል። ከማለ በኋላ ቢለምኑት አይሰማ፣ ቢቆጡት አይሰማ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የተባለው ለእኛ ዘር ሳይሆን አይቀርም።

አባቴ አያ ክንዱ በወንድሙ በአያ ባህሩ ላይ ማለ። አያ ባህሩም በአባቴ ላይ ማለ። የሁለቱም መሐላ «ከእሱ ጋር አንድ ቃል ብለዋወጥ ሚካኤል ይፍረደኝ» የሚል ነው፤ ተጣልተው እንኳ መሐላ የተዋዋሱ ወንድማማቾች ናቸው። ኩርፊያው ሲጀመር እኔ ገና ኮሌጅ አልገባሁም ነበር። አሁን ተመርቄ፣ ጎንደር አራዳ የሙዚቃ አስተማሪ ሆኜ፣ ልዳር ነው።

ሦስተኛዋ መሐለኛ እኔ ነኝ። እናቴ ታየች የሠርጉን ነገር አንስታ «ባህሩ ይጠራ ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ቀና ሳይል «ይጠራ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ» አለ። ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩና «ሁለታችሁ አፍ ለአፍ ሳትነጋገሩ ድንኳን ቢተከልልኝ ሚካኤል ይፍረደኝ!» አልኩ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ይህን ስም ያወጣልኝ ሰው የት እንዳለ ባውቅ ስሙን እመልስለት ነበር።

ከሁሉም የተጎዳው እጮኛዬ እንዳልካቸው ነው። አራዳ ውስጥ ስልክ ይጠግናል፤ ጸባዩ ለስላሳ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። መሐላዬን ስነግረው የፈታታውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ድንኳኑን ለጥር አስይዤዋለሁ እኮ» አለ።

«እንግዲያ አስታርቃቸው።»

«እኔ?»

«ወይም እኔ» አልኩት። ተናድጄ ነበር፣ በራሴ።

ጠባቸው ከመሬት ወይም ከከብት የመጣ ቢሆን ሽማግሌ ይፈታው ነበር። የመጣው ግን ከእምቢልታ ነው። እምቢልታ ረጅም የቀርቀሃ ቱቦ ነው፤ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ አንዱ እምቢልታ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሰው ብቻውን ሲነፋው ቢውል ዜማ አይወጣውም። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሌላው ይቀጥላል፤ ዜማው በመሃላቸው እየዞረ ይሠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው።

በአይከል ዙሪያ የአባቴና የጓደኞቹ ስድስት እምቢልታ ያልሸኘው ሙሽራ አልነበረም። ጥብቅ ደንብ አላቸው። የሰው እምቢልታ አይነፋም፤ ድምፁ የባለቤቱ ነው። ደግሞም አንዱ ጠርቶ ሌላው ካልመለሰለት ዜማው ዘሎ አይሄድም፤ ጠሪው እስኪመለስለት ድረስ ደጋግሞ ይጠራል።

አንድ ሠርግ ላይ አያ ባህሩ ከሳል ሳያገግም መጣ። ታላቁ፣ ወፍራሙ እምቢልታ የእሱ ነው። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ትንፋሹ ከዳው። አባቴ ይጠራል፣ መልስ የለም፤ ደግሞ ይጠራል፣ መልስ የለም። ሰው መሳቅ ጀመረ። ያኔ አባቴ እምቢልታውን ከወንድሙ አፍ ላይ መንጭቆ ራሱ ነፋው። «ከሐፍረት ላድነው ብዬ ነው» ይላል እስከ ዛሬ። አያ ባህሩ ደግሞ «በሰው ፊት አፌን ነጠቀኝ» ይላል። መሐላው እዚያው ሙሽሪት ፊት ተማለ። አያ ባህሩ እምቢልታውን በትከሻው አድርጎ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ኮሶዬ ወጣ፤ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍቶ ተቀመጠ። አባቴ አይከል ቀረ። ጎንደር በሁለቱ መሃል ናት፤ እኔም እንደዚሁ።

ኅዳር ላይ ርዕሰ መምህራችን ቢሯቸው ጠሩኝ። የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ታኅሣሥ ላይ በከተማው አዳራሽ ሊከበር ነው፤ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ።

«አንድ ክላሲካል ሙዚቃ እንደምናቀርብ ለእንግዶቹ ተናግሬያለሁ» አሉኝ።

«በምን?» አልኳቸው። ያለን ቫዮሊን ሁለት ክር የቀረው ነው፤ ኪቦርዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች።

«አንቺ መላ አታጪም» አሉ። በሰው መታመን ደስ ይላል፤ ክር ግን አይሆንም።

ያን ቀን እየተበሳጨሁ ወደ ቤት ስሄድ ጆሮዬ ላይ አንድ ሙዚቃ ከፍቼ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ጀርመናዊ ለአራት ባለክር መሣሪያዎች የደረሰው ዝግ ያለ ዜማ ነው። ወፍራሙ ቼሎ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ቫዮሊኑ ከላይ ይመልስለታል። ቼሎው ይጠይቃል፤ ቫዮሊኑ ይመልሳል። መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ ክላክሱን አምባረቀብኝ፤ ሾፌሩም የማይደገም ነገር ተናገረኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። ያ ጠያቂ አያ ባህሩ ነው፤ መላሹ አባቴ ነው! ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ሲጠራሩ ቢያመሹ ልባቸው የማይራራበት ምን ምክንያት አለ?

ሥራው ግን እንደ ሐሳቡ አልቀለለም። የጀርመናዊው ዜማ ሰባት ድምፅ ይፈልጋል፤ እምቢልታዎቹ ስድስት ናቸው። በዚያ ላይ ከቫዮሊኑ ጋር ሲተያዩ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። መጋዝ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አይከል ሄድኩ።

«አባዬ፣ ያንተ እምቢልታ ሁለት ጣት ያህል ቢቆረጥ...»

«ምን አልሽ?»

«ከጫፉ ብቻ ነው።»

«የአባቴን እምቢልታ! ጀርመናዊሽን ቁረጭው እንጅ ይህን አትነኪም። ለመሆኑ በሕይወት አለ?»

«ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሆነው።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያ ቢቆረጥ አይቆጣም።»

ስለዚህ ጀርመናዊውን ቆረጥኩት። ሰባተኛውን ድምፅ አወጣሁ። ቫዮሊኑ የሚሮጥበትን ቦታ ሁሉ በእግሩ እንዲሄድ አደረግኩት፤ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ምን ያሯሩጣቸዋል። ለእያንዳንዱ ሰው የእሱን ቦታ እያዜምኩ በቃል አስጠናሁ። ዜማው በቫዮሊን ሲሰማ ሐር ይመስል ነበር፤ በእምቢልታ ጋቢ ሆነ። እኔ ጋቢውን ወደድኩት።

የቀረው መሐላው ነው። አባቴ «እሱ ባለበት አልነፋም» አለ። «መንፋት ቃል መለዋወጥ ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። አሰበ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቱን መምሬ ህሩይን አማክሮ ተመለሰ።

«መንፋት ንግግር አይደለም ብለዋል» አለ። «መሐላህን ልፍታህም ብለውኝ ነበር።»

«እና?»

«አልፈልግም አልኋቸው።»

ለአያ ባህሩ ነገሩን በስልክ ነግሬው ስለነበር ኮሶዬ ስደርስ እሱም የራሱን የንስሐ አባት ጠይቆ ጠበቀኝ። ሁለቱ ካህናት ተያይተው አያውቁም፤ ፍርዳቸው ግን አንድ ሆነ። አያ ባህሩ ዜማውን ከስልኬ አደመጠና «ይኸ የሠርግ ነው የለቅሶ?» አለኝ።

«ለሁለቱም ይሆናል፣ አያ ባህሩ።»

«እንግዲያ ሸጋ ነው። ግን ጎን ለጎን አልቀመጥም። ሰው በመሃል ይግባ።»

በመሃል የሚገባው አያ ሙሉሰው ሆነ። ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ከሁለቱም ጋር ያልተጣላ፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይችል፣ ቀልደኛ ሰው።

አብረው እንዲለማመዱ ማድረግ አልተቻለም። መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ቀን ሁሉ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ፤ አንዴ አይከል፣ አንዴ ኮሶዬ። የአንዱን ድምፅ በስልክ ቀርጬ ለሌላው አሰማለሁ፤ እንዳልካቸው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያጋጥማቸዋል። ሱቁ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ስልኩ ውስጥ በሬ የገባበት ይመስለው ነበር።

አባቴ የወንድሙን ድምፅ መጀመሪያ ያዳመጠ ቀን ስልኩን ከጆሮው አላወርድ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ደጋግሞ ሰማ።

«የኮሶዬው ሰውዬ ትንፋሹ ሳስቷል» አለ በመጨረሻ። ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባና ማር በጠርሙስ ይዞ መጣ። «ይላስ። እኔ ነኝ የላክሁት እንዳትይ።»

ማሩን ኮሶዬ አደረስኩ። አያ ባህሩ በጣቱ ቀመሰና «የአይከል ማር» ብሎ ደግሞ ቀመሰ። የአባቴን ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ግንባሩን ቋጠረ። «ይኸ ሰውዬ ያስላል እንዴ? መጨረሻው ላይ ይቆረጥበታል።» በማግስቱ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ካለው ገደል ጫፍ የለቀመውን ጦስኝ በፌስታል አሰረልኝ። «ገበያ ገዛሁት በይው።»

አባቴ ጦስኙን አፈልቶ ሲጠጣ ሽታው ቤቱን ሞላው። «የገበያ ጦስኝ እንዲህ አይሸትም» አለ። ግን ማን ላከው ብሎ አልጠየቀም፤ እስከ አተላው ጠጣው። ሁለት የደረሱ ሰዎች በእኔ ቦርሳ ማርና ጦስኝ እየተላላኩ አንድ ቃል መናገር አቃታቸው። ንዴቴም ፍቅሬም አንድ ላይ ነበር፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አስሬ ብገርፋቸው ደስ ባለኝ።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ግጥም አለ። ከፊት እንግዶቹ በሱፍ ልብስ፣ ከኋላ ተማሪና ወላጅ። አባቴ ጉንፋን ይዞት መጣ። እናቴ «ቅር» ብላው ነበር፤ «ስድስት ያልነው አምስት ሊሆን ነው?» ብሎ እምቢ አላት። ግቢው ውስጥ ወንድማማቾቹ በብዙ ዓመታቸው ተያዩ። ፊት ለፊት አልተያዩም፤ አንዱ የሌላውን እምቢልታ አየ።

«ሙሉሰው» አለ አባቴ፣ «ያን ሰውዬ ብርድ ላይ እንዳይቆም ንገረው።»

«አያ ባህሩ፣ ብርድ ላይ አትቁም ይልሃል።»

«የታፈነው እሱ ነው በለው።»

«አያ ክንዱ፣ የታፈንከው አንተ ነህ ይልሃል።»

በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ እርምጃ አይሞላም። አያ ሙሉሰው ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ፣ ስመረቅ ፖስተኛ እሆናለሁ» አለኝ።

መድረክ ላይ ስድስቱ ነጭ ኩታ ለብሰው ተቀመጡ። አያ ባህሩ፣ ሙሉሰው፣ አባቴ፣ ከዚያ ሌሎቹ ሦስቱ። እጄን አነሳሁ።

አያ ባህሩ ጠራ። አባቴ መለሰ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ያ ከባድ ድምፅ ከታች ይጠይቃል፤ የአባቴ ድምፅ ከላይ ይመልሳል። ስልክ ያጋጠመውና ወንድማማቾች አጠገብ ለአጠገብ የነፉት ለካ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አለቀስኩ ማለት አልፈልግም፤ ግን አለቀስኩ።

ዜማው ግማሽ ላይ ሲደርስ አባቴን ሳል ያዘው። አንዴ ሳለ፣ ደገመ፤ ከዚያ እምቢልታውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ አቀረቀረ።

አያ ባህሩ ጠራ። መልስ የለም።

በጀርመናዊው ደንብ ቢሆን አንዱ ሲቀር ሌላው ቆጥሮ ያልፋል። እኔም በእጄ «እለፉ፣ እለፉ!» እያልኩ ነው። እነሱ ግን የእምቢልታ ሰዎች ናቸው፤ ያልተመለሰ ጥሪ ጥሎ መሄድ አያውቁም። አያ ባህሩ ደግሞ ጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ፊት ረድፍ ላይ ያሉት እንግዶች ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የዜማው አካል መስሏቸዋል። ስድስቱ ሰዎች ግን ምን እየሆነ እንደሆነ ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ያ ሠርግ ነው እንደገና የመጣው፤ ጠሪውና ተጠሪው ብቻ ተለዋወጡ። የአባቴ እምቢልታ ከአያ ባህሩ እጅ አንድ ክንድ ይርቃል። ቢፈልግ መንጭቆ ነፍቶ ቂሙን ይወጣል። «ሚካኤል፣ እንዳይነጥቀው» አልኩ በልቤ፤ ከነጠቀው ሠርጌም ዘመዴም ያኔ አለቀ።

አያ ባህሩ እጁን አልዘረጋም። ጠራ። በየጥሪው ድምፁ እየለሰለሰ መጣ።

አባቴ አቀርቅሮ እንዳለ እምቢልታውን ከጉልበቱ አነሳና ወደ ቀኙ ዘረጋው። ሙሉሰው ፊት ለፊቱን እያየ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ በአንድ እጁ ተቀብሎ አሳለፈው። አያ ባህሩ የወንድሙን እምቢልታ አየው። የአባታቸው እምቢልታ ነው፤ ያደገውም ድምፁን እየሰማ ነው። አፉን በኩታው ጫፍ አበሰ፤ ተቀበለና ነፋው።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ያላየ አያምንም። ሁለት ረጃጅም እምቢልታ፣ አንድ ሽማግሌ። በታላቁ ይጠራል፤ ያወርዳል፤ ሌላውን ያነሳል፤ ለራሱ ይመልሳል፤ ያወርዳል። ድምፃቸው አንድ ላይ እንዳይገጥም አድርጌ ስላቀናበርኩት ይቻላል፤ ግን እንዴት ያለ መቻል! ኩታው ወለቀ። አንዱ እምቢልታ የሙሉሰውን ጆሮ ጠለዘ። ከኋላ ተማሪው ሳቀ፤ ሳቁ ጭብጨባ ሆነ፤ በመሃል እልልታ ተሰማ። የእናቴ ነው፤ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ። ጀርመናዊው ዝግ ይበል ያለው ዜማ ይበልጥ ዝግ አለ፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ጠበቁት።

የመጨረሻዋ ጥሪ ደረሰች። አያ ባህሩ ጠራ። የአባቴን እምቢልታ ወደ አፉ ግማሽ መንገድ አደረሰና ቆመ። አልነፋም። ወደ አባቴ ዘረጋው። ሙሉሰው ሊቀበል እጁን ሲያነሳ ገፋ አደረገውና ራሱ በሙሉሰው ጉልበት ላይ ተንጠራራ። አባቴ ግን ፊቱን በኩታው ሸፍኖ ስለነበር አላየም። አዳራሹ በሙሉ የመጨረሻዋን ድምፅ ይጠብቃል።

«ክንዴ!» አለ አያ ባህሩ፣ የኮሶዬን ገደል በሚያሻግር ድምፅ። «ምነው? ያንተ እኮ ነው፤ ንፋው እንጅ!»

አባቴ ቀና አለ። እምቢልታውን ከወንድሙ እጅ ተቀብሎ ነፋ። ድምፁ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ መሃል ላይ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም መሣሪያ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ጭብጨባው ሲያበቃ ርዕሰ መምህሩ እየሳቁ ወደ እኔ መጡ። «መጨረሻ ላይ የተባለው ንግግር ከሙዚቃው ነው?»

«ዋናው እሱ ነው» አልኳቸው።

ግቢው ውስጥ ወንድማማቾቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሙሉሰው በመሃላቸው የለም፤ ጆሮውን ውሃ እያስነካ ነበር። ቀረብ ብዬ ቆምኩ።

«ተናገርህ» አለው አባቴ።

«ምን ላድርግ፤ ዜማው ሊበላሽ ነው።»

አባቴ ወደ እሱ ዞረ። «እንዲያው ስታየው... ያኔ እኔ እንደነጠቅሁህ፣ ዛሬ አንተ ምነው አልነጠቅኸኝ?»

«ምን ያስነጥቀኛል? ስጠብቅህ ሰጠኸኝ» አለ አያ ባህሩ። «ያኔም ትንሽ ብትጠብቀኝ እሰጥህ ነበር።»

አባቴ ጎንበስ አለ። የወንድሙን ታላቁን እምቢልታ አነሳና ከቀርቀሃው ላይ አቧራውን በእጁ ጠረገለት፤ ቀስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ያ ማር ያንተ ነበር» አለ አያ ባህሩ።

«ጦስኙስ?»

«የገበያ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ አንዱ የአንዱን ጀርባ መደብደብ ያዘ። እናቴ መጥታ ለሁለቱም ጋቢ ደረበችላቸው፣ እየተቆጣች።

መሐላቸውን ስለበሉ መምሬ ህሩይ ስግደት ሰጧቸው። አያ ባህሩ ቀድሞ የተናገረው እሱ ስለሆነ ብዙውን እኔ ልስገድ ይላል፤ አባቴ ደግሞ ቀድሞ የበደልሁ እኔ ነኝ ይላል። በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ፤ ይጨቃጨቁ፤ ጭቅጭቅ ቃል መለዋወጥ ነው። ከሦስታችን መሐላዋን ያልበላች እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ቀን ግቢው ውስጥ ዞር ስል እንዳልካቸው አጥሩ ሥር ቆሞ ስልክ ይዟል። ዝግ ያለው ሰውዬ ይጮሃል።

«ሃሎ! አዎ፣ የድንኳኑ ጉዳይ ነው! ትልቁን! ትልቁን አድርገው፤ ስድስት እምቢልታ ይገባበታል!»